ጋሽ ደቻሳና አዲሱ ሲስተም

ሰው አሳስቶኝ ቢሆን ኖሮ እሱን እየረገምኩ ይወጣልኝ ነበር። ማንም አላሳሳተኝም። ራሴ አስቤ፣ ራሴ ወስኜ፣ በገዛ ጣቴ ተጭኜ ያመጣሁት ጣጣ ነው። ስለዚህ ማዘን ከፈለጋችሁ ለኮምፒውተሩ እዘኑለት።

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ካርድ አትማለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ ነገር ለማይሆንላቸው ሰዎች እሞላለሁ። ኮምፒውተሬ ያረጀ ነው። ጠዋት ስከፍተው እሱ ተነስቶ ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ እኔ ቤቱን ጠርጌ፣ የፕሪንተሩን አቧራ አራግፌ፣ ከጎረቤቴ ከሐጂ ከድር ጋር በኦሮምኛ «አካም ቡልታን»፣ እንደምን አደሩ ተባብዬ እመለሳለሁ። ሐጂ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ቤት ጎን ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። የአዳማን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ መቼም፤ ከእኔ ፕሪንተር ላይ ሲራገፍ ሐጂ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፣ ከሐጂ ጨርቅ ሲራገፍ እኔ ጋ ይመለሳል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ኮምፒውተሩ አንድ ጠዋት አዲስ ሲስተም መጥቶልሃል፣ ልጫንልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በኋላ የሚለውን ነካሁለት። በማግስቱም ጠየቀኝ። በኋላ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ሴት ልጄን ለማጨት ሽማግሌ ተልኮብኝ ቢሆን እንኳ ይህን ያህል አይመላለስም ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ማታ ሥራ ጨርሼ፣ ልዘጋ ስል፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለካስ በነጻ ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ ደጅ ላይ ያቆምኩት በነጻ የመጣ እንግዳ ኖሯል። አፈርኩና እሺ አልኩት።

በስንት ሰዓት ልጀምር አለኝ። እኔ ደግሞ የማስብ ሰው ነኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደንበኛ የለም፣ መብራትም ብዙ አይሄድም፣ ኢንተርኔቱም ሰው ስለማይሻማው ይፈጥናል ብዬ ስምንት አልኩት። ከቀትር በፊት ነው በኋላ ሲለኝም በፊት አልኩ፤ እሷን እንኳን በትክክል ነው የመለስኩት። ሳላጠፋው በሩን ቆልፌ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሱ ስምንት፣ ለእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ይህን የማላውቅ ሰው ብሆን እኮ ደግ ነበር። እኔ የሰው ቀጠሮ ስሞላ «ስድስት ቀንሱ፣ አይ እዚህ ጋ ስድስት ደምሩ» እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስጮህ የምውል ሰው ነኝ። ለራሴ ሲሆን ግን ጭንቅላቴ ወደ እናቱ ቤት ሰዓት ተመለሰ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሩን ስከፍት ኮምፒውተሩ እንደ ተውኩት ቁጭ ብሏል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሌሊቱን አድሮበት ጨርሶ ይሆናል ብዬ ገና ወንበሬን ስስብ ጫልቱ ገባች። ጫልቱ የጋሽ ደቻሳ ልጅ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ ሳያት ነገሩ ገባኝ። ጋሽ ደቻሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እየጫኑ ወደ ሻሸመኔና ወደዚያ ማዶ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ታመው እንደነበር ሰምቻለሁ። ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እግዜር ያጽናሽ ብዬ አስቀመጥኳት። የመጣችው የሕይወት ታሪካቸውን ለማስጻፍ ነው። ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። በእኛ ዕድር የሟች ታሪክ የሚጻፈው እኔ ቤት ነው፤ የማነበውም እኔው ነኝ፤ ድምፅ አለህ ብለው ሾመውኛል። ጫልቱ አንገቷን ደፍታ እናቷ ያሏትን ነገረችኝ።

«እማዬ ‹ይህ ሰው ዕድሜውን መንገድ ላይ ጨረሰው፣ ሰፈሩ መቼ አወቀው› ብላ ነው ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰችው። ማን እንደነበር ሰው ይስማለት ብላለች። ጽሑፉን ሳልይዝ እንዳልመለስም ነግራኛለች።»

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ምንም አታስቢ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም አልኳት። የኮራሁት ወድጄ አይደለም። የተዘጋጀ ፋይል አለኝ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ እዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፤ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ስሙን መለወጥ ብቻ ነው። በእኔ ፋይል መሠረት እዚህ ሰፈር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሙን ቀይሬ የቀረውን ሳላይ አትሜ አንዱን ጺማም ጎልማሳ «የስድስት ልጆች እናት ነበሩ» ብዬ አንብቤያለሁ። ለቀስተኛው አንገቱን እንደደፋ ነው ያሳለፈው። ሁሉም ስለሚያውቀው ለካ የሚያዳምጥ የለም።

ፋይሉን ልከፍት እጄን ወደ ማውሱ ስሰድድ ስክሪኑ ድርግም አለና ሰማያዊ ሆነ። ከመሐሉ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋው ይላል። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከዚያ ማታ የመረጥኩትን ስምንት አስታወስኩ።

ለጫልቱ ምን ይባላል? ትንሽ እያሰበ ነው፣ አሁን ይጨርሳል አልኳት። አንድ በመቶ ላይ ቆመ። ሁለት ላይ ቆመ። ሐጂ ከድር ለቅሶ ሰምተው ጫልቱን ሊያጽናኑ ገቡና እሳቸውም ወንበር ስበው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ለፎቶ ኮፒ የመጣው ሁሉ እየቆመ ማየት ጀመረ። የኳስ ጨዋታ አስመሰሉት። አንዱ አጥፍተህ አብራው ይለኛል፣ ሌላው ከነካኸው አለቀልህ ይላል፣ አንድ ባለባጃጅ የአጎቱ ልጅ ኮምፒውተር እንዲሁ ሰማያዊ ሆኖ በዚያው እንደቀረ በዝርዝር አስረዳኝ። ሁሉንም ሰማኋቸው፣ ሁሉም ልክ ይመስሉኛል።

ይህን ጊዜ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ለማ ደወሉ። ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ለቀብር የዘገየን ሰው ሟቹን እንኳን ቢሆን የሚቀጡ የሚመስሉ ኮስታራ ሰው ናቸው። ታሪኩ ደርሷል ወይ አሉኝ። እየተጫነ ነው አልኳቸው። ምኑ ነው የሚጫነው ሲሉኝ ሲስተሙ አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ።

ሰባ በመቶ ስንደርስ መብራት ሄደ። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ እህ ሲል ሰማሁ። የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ማለቃቀስ ጀመረ፤ አቅሙ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን የሚጠግንልኝ ሮባ የሚባል ባለሙያ አለ፤ ደወልኩለት። ላንጋኖ ለአንድ ሆቴል ካሜራ ሊተክል ሄዷል። ከስልኩ ውስጥ የሰው ሳቅና የውኃ መንቦጫረቅ ይሰማኛል። ምንም እንዳትነካ አለኝ። ባትሪው እያለቀ ነው አልኩት። እንዳያልቅ አድርግ አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደሆነ ልጠይቀው ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ሐጂ ከድር እየሮጡ ሄደው የእሳቸውን ቤት ጄኔሬተር አስነሱና ገመድ በመስኮት አቀበሉኝ። ያን ቀን ሐጂ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም ነበር። ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተነሳ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች፣ ከዚያ አንድ የማላውቀው ተራራ ስክሪኑ ላይ ታየና ሰላም አለኝ።

እኔ አላወቅሁትም። ወገኖቼ፣ የገዛ ኮምፒውተሬን አላወቅሁትም። ያ ከጥግ የነበረው መጀመሪያ የምነካው የ«ስታርት» ምልክት ጥጉ ላይ የለም። ፈልጌ ፈልጌ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ማን ና እዚህ ተቀመጥ እንዳለው አላውቅም። ፊትህን አሳየኝ አለ፣ እምቢ አልኩ። ጣትህን ስጠኝ አለ፣ እምቢ አልኩ። የት እንዳለህ ልወቅ አለኝ። አዳማ ነኝ፣ ምን አገባህ አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወዲያው ከታች በኩል ፀሐይ ሥሎ ዛሬ አዳማ ሞቃት ናት ብሎ ጻፈልኝ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ይህን ለማወቅ አዲስ ሲስተም ያስፈልገኝ ነበር?

ፋይሎቼን በስንት ፍለጋ አገኘኋቸው። የሕይወት ታሪኩን ከፈትኩ። ተከፈተ። ግን አማርኛው የለም። የድሮው የአማርኛ ፊደል ከአሮጌው ሲስተም ጋር አብሮ ሄዷል። የቀረው ባዶ ሳጥን፣ ቆብ የደፋ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ አሁንም ሳጥን። አዲስ ልጽፍ ስል ደግሞ የምጽፍበትም ፕሮግራም አልነሳም አለ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ የሚለው ሁሉ ሳጥን ሆኗል። ጫልቱ ከኋላዬ ሆና ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው።

«ይሄ ነው የአባዬ ታሪክ?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዓቱ ሰባት አልፏል፣ ጋሽ ለማ እንደገና እየደወሉ ነው፣ እኔ ስልኩን ወረቀት ሥር ደብቄዋለሁ። ልጅቷ እያለቀሰች ይሆናል ብዬ ዞር ብዬ ማየትም ፈራሁ።

እስቲ አሁን እኔን ታዘቡኝ። በእጄ መጻፍ እንደምችል ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። እውነቴን ነው። ፋይሉ ከሌለ ታሪኩም የለም ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ሐጂ ከድር ናቸው ያነቁኝ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ስለነበር ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። ያ የፍየሏ ነገር አለ አይደል አሉ፣ ወደ ጫልቱ ዞረው። ጋሽ ደቻሳ የሳቸውን ጨርቅ ብዙ ጊዜ ጭነውላቸው ስለነበር ሐጂ በደንብ ያውቋቸዋል።

ጫልቱ በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። ከዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ማውራት ጀመሩ። እኔም የተበላሸ ፎቶ ኮፒ አንስቼ ጀርባው ላይ መሞነጫጨር ጀመርኩ፤ እንዴት እንደጀመርኩም አላውቅም። የማላውቃቸውን ሰው ነበር የሚነግሩኝ። እኔ ጋሽ ደቻሳን ለዓመታት ሰላም እያልኩ ኖሬ ስለሳቸው የማውቀው መኪናቸውን ብቻ ኖሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። ለቀስተኛው ጢም ብሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከአስከሬኑ አጠገብ በሁለት ሴቶች ተደግፈዋል። ጋሽ ለማ በእጃቸው ቀጥል የሚል ምልክት ሰጡኝ። ወረቀቴን ዘረጋሁ።

የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ። በእጄ ረጅም ነገር ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ፊደሎቹ ተደራርበዋል፣ ላቤ አጥቧቸዋል፣ የቀረውን የአዳማ ነፋስ ያርገበግበዋል። አንድ መስመር እንኳን አልለይ አለኝ። ቀና ስል ወይዘሮ አስካለ እያዩኝ ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የማስታውሰው በጭንቅ ነው። ወረቀቱን አጠፍኩና፣ «ጋሽ ደቻሳ ፍየል ነበረቻቸው» ብዬ ጀመርኩ።

ጋሽ ለማ ሲደነግጡ ታየኝ። ግን አንዴ ጀምሬያለሁ፣ የት እገባለሁ? ለፋሲካ ብለው ሻሸመኔ ገበያ ፍየል እንደገዙ፣ ከላይ ጭነቱ ላይ ብርድ ይመታታል ብለው ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው እንዳስቀመጧት ተናገርኩ። መቂ ላይ ቲማቲም ሊገዙ ሲወርዱ ፍየሏ የጭነቱን ሰነድ በላችው። ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ሰነዱ የታለ ሲባሉ ፍየሏን አሳዩ። ምትክ ሰነድ እስኪመጣላቸው በሩ ላይ አደሩ፤ ፍየሏም ከጎማው ጋር ታስራ አብራቸው አደረች። ቤት ሲገቡ ወይዘሮ አስካለ ቢላ ይዘው ቢወጡ፣ አብራኝ የታሰረችን አላርድም ብለው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ያን ፋሲካ ሽሮ በሉ። ፍየሏ በእርጅና ነው የሞተችው።

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሌላውም ተከተለ። ቀብር ላይ ሰው አስቄያለሁ። ላቁም ወይስ ልቀጥል አላውቅም። ወይዘሮ አስካለን አየሁ፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይሳቁ ያልቅሱ ሊገባኝ አልቻለም።

ስለማላውቅ ቀጠልኩ። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ላንጋኖን አሳየን ብለው እንዳስቸገሯቸው፣ እሳቸው ግን በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር ጭነት አለባቸውና አንድ ቀን እንኳን ሊወስዷቸው እንዳልቻሉ ነገርኳቸው። አንድ ቀን ማለዳ በጄሪካን የሐይቁን ቡናማ ውኃ ሞልተው መጡ። ግቢው መሐል ሳፋ ላይ ገለበጡትና ልጆቹን አስቀምጠው እግራቸውን እየነከሩ፣ በሉ ይኸው ሐይቁን አመጣሁላችሁ አሏቸው። ከዚያም ሳይተኙ ወደ ሞጆ ተመለሱ። ጫልቱ ይህን ስትነግረኝ፣ እስከ ዛሬ ላንጋኖን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ሄጄ ግን አውቃለሁ ነበር ያለችኝ።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። እኔም የምጨርስበት ቃል ስላልነበረኝ፣ «እኚህ ነበሩ ጋሽ ደቻሳ» ብዬ ገለል አልኩ። የት እንደተወለዱ አልተናገርኩም። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ምን እንደሆኑም አልተናገርኩም። ባደረባቸው ሕመም የሚለውንም ረሳሁት።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ፣ ሰው እንዳያየኝ ንፍሮዬ ላይ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ጫልቱ መጥታ እናቷ እንደሚፈልጉኝ ነገረችኝ። ይቅርታ ልል አፌን አዘጋጅቼ ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሳፋዋ አሁንም አለች» አሉኝ፣ «አልጋዬ ሥር ናት።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ደስ ብሏቸው ይሁን አዝነውብኝ እያሰላሰልኩ የድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ጋሽ ለማ በጣታቸው ጠሩኝ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ቅጣት ነው፣ ከአንባቢነት መሻር ነው፣ ምናልባትም ከዕድሩ መሰረዝ ነው። ከሰው ራቅ አድርገው ወሰዱኝና ኮምፒውተሬ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ባለሙያው ነገ ከላንጋኖ ይመለሳል፣ የድሮውን ፊደል ይመልስልኛል፣ ፋይሉም እንደነበረ ይሆናል፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም ብዬ አከታትዬ ነገርኳቸው።

ጋሽ ለማ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ስኳሩም ግፊቱም አለብኝ፣ ብዙ አላስቆይህም» አሉ። «እኔ እስክቀበር ድረስ እንደተበላሸ ተወው።»